የቡሽ እጀታና በሪፖርቴ ላይ ያለችው አንዲት መስመር

(በማኅበራችን የሚያዝያ ወር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሒሳብ ሠራተኛ ንግግር ልታደርግ ነው ሲባል ሰው ሰዓቱን እንደሚያይ አውቃለሁ። ዛሬ ብዙ ቁጥር አላነብም። የመጣሁት ባለፈው ዓመት ባቀረብኩት የገቢና ወጪ ሪፖርት ላይ ስላለች አንዲት መስመር ለማስረዳት ነው። መስመሯ «የተበላሸ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ብዛት 1፣ ገቢ 10 ዶላር» ትላለች። ሪፖርቱ ሲቀርብ፣ የተበላሸ ዕቃ እንዴት ገቢ ያስገባል ብሎ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ልቤ ሲመታ ነበር። ማንም አልጠየቀም። ቡናው ቀረበና ታለፈ።

አጭሩ መልስ፣ ዘንጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ 10 ዶላሩንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ረጅሙ መልስ ስለ ቡሽ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ የዘንድሮውን ዕቃ ማጽዳት ስለምንጀምርና ብዙዎቻችሁ እጃችሁን ስለምታስገቡበት፣ ረጅሙን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ቀደም ብሎ በሰፈሬ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ደወሉልን። ሐበሻ አይደሉም፤ ለዓመታት የክረምት ካፖርትና የልጆች ልብስ ሲሰጡን የኖሩ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። «ጋራዡን ላስተካክል ነው፣ የእሱን የዓሣ ዕቃ ውሰዱልኝ» አሉን። ቤቴ ቅርብ ስለሆነና እኔም ጋራዥ ስላለኝ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። 14 ዘንግ፣ ሦስት ሣጥን መንጠቆና ክብደት፣ አንድ መረብ ተረከብኩ። ቆጠርኩ፣ ፈረምኩ፣ ደረሰኝ ሰጠሁ። እሳቸው ሲያስረክቡኝ ዘንጎቹን አላዩአቸውም፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር የሚያናግሩኝ። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን እንጂ ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

እኔ ስለ ዓሣ ማጥመድ የማውቀው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካየሁት አያልፍም። ልጆች የናይለን ክር በእንጨት ላይ ጠቅልለው መንጠቆ ይጥላሉ፣ ትልልቆቹ በጀልባ ሄደው በመረብ ያወጣሉ፣ እኛ ደግሞ ጥብሱን እንበላለን። (ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ልተወው።) እዚህ ሚኒሶታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመኪናችን ታርጋ ላይ 10,000 ሐይቆች ተብሎ የተጻፈው ለማሳመር አይደለም፤ ከ10 ኤከር የሚሰፉት ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ናቸው። በፈረንጆቹ ሜይ ወር የዋልአይ ዓሣ ማጥመድ የሚከፈትበት ቅዳሜ እዚህ እንደ ዓመት በዓል ነው። ስለዚህ ዘንግ ለመሸጥ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት የመሰለ ጊዜ የለም። የእኛም የጋራዥ ሽያጭ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች እዚያ ላይ ዋለ።

ከ14ቱ ዘንጎች የአምስቱ እጀታ ጥቁር ስፖንጅ መሰል ነገር ነው። እሱ በሳሙና ታጥቦ ያልቃል። ዘጠኙ ግን የቡሽ እጀታ ነበራቸው። ቡሹ ቡሽ መሆኑን የሚያሳይ ቀለም አልቀረውም፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ አንዳንዱ ቦታ የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አምስቱን ስፖንጆች በ8፣ 8 ዶላር፣ ከቡሾቹ ደግሞ ሁለቱን በ10፣ 10 ዶላር ሸጥን። ሁለተኛውን የገዛው ሰውዬ ገንዘቡን ከሰጠኝ በኋላ፣ እየሳቀ፣ «እመቤቴ፣ እጀታውን አጽድተሽው ቢሆን 25 እከፍልሽ ነበር» አለኝ።

እህቶቼ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገራትም። የቀሩት ሰባት ናቸው፣ በእያንዳንዱ 15 ዶላር እየጣልን ነው ማለት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ ማታ ከሥራ እንደገባሁ ከሁሉ የጠቆረውን መርጬ አወጣሁ። የዝንብ ዘንግ ከሚባሉት ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድበት ዓይነት ነው። እጀታው አናት ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ፣ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ነበር። ገንዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞላሁ፣ በረኪና ጨመርኩ፣ እጀታውን ነክሬ ተኛሁ። ጠዋት የድስት ማጠቢያ ሽቦ ይዤ ፈተግኩት። ነጣ! እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ወደ ሥራ ሄጄ ማታ ስመለስ ግን ደርቆ አየሁት። እንደ ወረቀት የነጣ፣ ጸጉር ያወጣ፣ ቀዳዳው ሁሉ የተከፈተ፣ ሁለት ቦታ ላይ ከማጣበቂያው የለቀቀ። የአውራ ጣቱ ጉድጓድ ጠርዙ ተልጦ ጠፍቷል። ሲጨብጡት እጅ ላይ ፍርፋሪ ይቀራል፤ በረኪና በረኪናም ይሸታል።

ከአባሎቻችን የአንዷ ባለቤት ዓሣ ማጥመድ እንደሚወዱ ስለማውቅ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ የቡሽ እጀታ እንዴት ነው የሚጸዳው?» አልኳቸው። ያደረግሁትን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እህቴ፣ ቡሽ እኮ ድስት አይደለም» አሉኝ። ሌሎቹን ስድስት እንዳልነካ አስጠንቅቀው፣ ረቡዕ ማታ ከሌሊት ሥራቸው በፊት መጡልኝ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ያን ማታ የተማርኩት ነው። የቀረውን ራሴ አንብቤ፣ ሞክሬ ያገኘሁት ነው።

መጀመሪያ ቡሽ ምን እንደሆነ። ሁላችንም ከጠርሙስ አፍ ላይ እናውቀዋለን። የዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ በፖርቱጋል፣ በስፔንና በሰሜን አፍሪካ የሚበቅል የኦክ ዓይነት ሲሆን፣ ከዓለም ቡሽ ግማሽ ያህሉ ከፖርቱጋል ይመጣል። ዛፉ አይቆረጥም፤ ቅርፊቱ በመጥረቢያ ተልጦ ይወሰድና መልሶ ያበቅላል። የመጀመሪያው ልጣጭ የሚወሰደው ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በየ9 ዓመቱ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ሻካራ ስለሆኑ ለጥሩ ነገር አይውሉም፣ ጥሩው ሦስተኛው ነው። ደምሩት፤ 25 እና 9 እና 9፣ 43 ዓመት። አንድ ጥሩ የቡሽ እጀታ ማለት ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዛፍ ቅርፊት ነው። እኔ በአንድ ሌሊት በረኪና ጨረስኩት።

ቅርፊቱ ውስጥ አየር የታሰረባቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ክፍሎቹ ግድግዳቸው ሰም በሚመስል ነገር የተሞላ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያሳልፉም። ዓሣ አጥማጆች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ቀላል ነው፣ ሲርስ አያዳልጥም፣ በሜይ ወር ጠዋት ሐይቁ ገና ብርድ ሳለ እንደ ብረት እጅ አያቀዘቅዝም፣ ዓሣው ክሩን ሲነካካም ንዝረቱ ወደ እጅ ይመጣል። እጀታው ግን ከአንድ ቁራጭ የተሠራ አይደለም። ግማሽ ኢንች ያህል ውፍረት ያላቸው ቀለበቶች እርስ በርሳቸው በማጣበቂያ ተያይዘው፣ ተሞርደው ቅርጽ ይይዛሉ። በተፈጥሮ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ በቡሽ ዱቄትና በማጣበቂያ ይደፍኑታል። ስለዚህ ሲነከር ማጣበቂያው ይለቃል፣ በሽቦ ሲፈተግ ድፍኑ ይረግፋል፤ በረኪናው ደግሞ ቡሹን ራሱን ያደክመዋል። እኔ ሦስቱንም አንድ ላይ አደረግሁ።

ይህ ለእኛ እንግዳ እውቀት መሆን አልነበረበትም። መሶብ ውሃ ውስጥ የሚነክር ማን አለ? ጀበናን ውስጡን በሳሙናና በሽቦ የሚፈትግስ? እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አያያዝ እንዳለው ከእናቶቻችን ቤት እናውቃለን። የዓሣ ዘንግ ሲሆን ግን የሰው አገር ዕቃ ነው ብዬ በበረኪና ገባሁበት።

ጋሼ ያመጡት ምንም ልዩ ነገር አልነበረም። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ አሮጌ ካናቴራ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። መጀመሪያ መብራት ስር አድርገው እጀታውን አገላብጠው ያዩና «ይሄ የእጅ ወዝ ነው፣ ይሄ የዓሣ ደም ነው፣ ይሄ ዝገት ነው» እያሉ ይለዩታል። ለእኔ ሁሉም አንድ እድፍ ነበር። ለእሳቸው የትኛው በምን እንደሚለቅ ከመታወቁ በፊት ውሃም አይነካውም።

አብዛኛው እድፍ የእጅ ወዝ ነው። የሰው እጅ ቅባት፣ ላብ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ አቧራ፣ ለዓመታት ተደራርቦ ቡሹን ይሸፍነዋል። የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ለዚህ ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሹ ወይም ጨርቁ ይበቃል። የሚረጥበው ብሩሹ እንጂ እጀታው አይደለም። በትንሽ በትንሽ ቦታ፣ ሳትጫኑ፣ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ታሻሻላችሁ፤ ቡናማ አረፋ ሲወጣ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋላችሁ፤ እንደገና ትጀምራላችሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል። በአንድ ዙር አልለቀቀም ብላችሁ ወደ ኃይለኛው መድኃኒት እንዳትሄዱ፤ እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው ቡሹ መልኩን ሲያሳየኝ የገረመኝ። ሲያልቅ በደረቅ ፎጣ ጨምቁት፣ ከፀሐይና ከማሞቂያ ራቅ አድርጋችሁ አንድ ቀን ይደር። እርጥብ ቡሽ ሁልጊዜ ከእውነተኛ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ሳይደርቅ አትፍረዱበት።

ሳሙና ያልበገረው ካለ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ቀቡት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና አሹት። ማጂክ ኢሬዘር የሚባለው ነጭ ስፖንጅም በጣም ይሠራል፤ ሰባት ጊዜ ያመሰገንኩት ዕቃ ነው። ግን ስፖንጅ መስሎን እንዳንታለል። በጣም የላመ የብርጭቆ ወረቀት እንደ ማለት ነው፣ ከእድፉ ጋር ቡሹንም ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። ስለዚህ እጅ ሳይበረታ፣ በመጨረሻ።

የዓሣ ደምና ዝልግልግ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ። ደም በሙቅ ውሃ እንደሚጸና ለሴት አይነገርም። የዋጋ ወረቀትና ፕላስተር የተወው ሙጫ፣ ወይም የቀለም እስክሪብቶ ከሆነ፣ ጨርቅ ላይ አልኮል ጠብ አድርጎ መጥረግ ነው፤ እጀታው ላይ ማፍሰስ አይደለም። መስኮት ይከፈት፣ ምድጃ ይጥፋ። አልኮሉ ከቡሹ በላይ ባለው ክር ላይ ያለውን ቫርኒሽ እንዳይነካ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ፕላስተር አስቀድማችሁ ዙሪያውን ለጥፉ። አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን፣ ጨርሶ አታቅርቡት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። ከዘንጎቹ በሁለቱ ላይ፣ የክር መጠቅለያው መዘውር በሚታሰርበት ብረት አጠገብ፣ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር እድፍ ነበር። ሳሙናም፣ ሶዳም፣ ነጩ ስፖንጅም አልነካውም። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ቡሽ በተፈጥሮው እንደ ሻይ ቅጠል ታኒን የሚባል ነገር አለው። ታኒን ከእርጥብ ብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ሻይ ውስጥ የዛገ ሚስማር ጣል አድርጋችሁ ብትተዉት ታዩታላችሁ። ስለዚህ እድፉ ከላይ የመጣ ሳይሆን ቡሹና ብረቱ ራሳቸው የፈጠሩት ቀለም ነው፤ ብትፈትጉት የምትጨርሱት ቡሹን ነው። የሚያስለቅቀው አሲድ ነው። ነጠላ ላይ ያረፈ ዝገትን በሎሚ የምናስለቅቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ለቀላሉ የሎሚ ጭማቂ በጥጥ ቀብቼ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ አንደኛው ከሁለት ጊዜ በኋላ ለቀቀ። ለሁለተኛው ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለውን ዱቄት፣ ከየሱቁ የምናገኘውን፣ በጥቂት ውሃ ለውሼ ቀባሁት። ውስጡ ኦክሳሊክ አሲድ አለ። በዓይን ፊት እየሳሳ ሄደ፤ ደግሜ በውሃ በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት። ጓንት ግን የግድ ነው፣ ዱቄቱም ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን እንዳይሄድ፣ ልጆችም እንዳይደርሱበት። ከሁሉ በላይ፣ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ሆነ ይህ ዱቄት፣ ማንኛውም አሲድ በረኪና ባለበት አይቀርብም፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሚመጣው ቅዳሜ በረኪና ወደ ጋራዤ ይዛ የምትመጣ ካለች ከበሩ እመልሳታለሁ።

ሻጋታ ላይ ብዙ አልቆይም። እርጥብ ሆኖ በጨርቅ ከረጢት ቤዝመንት የተቀመጠ ዘንግ ነጠብጣብ ያወጣል። ውጭ አውጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ አድርቃችሁ ጥረጉት፤ ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በጨርቅ ነካ ነካ። ወደ ውስጥ የገባው ጥላ ይቀራል። ይቅር።

የብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻው ነው። 320 ቁጥር፣ ከዚያ 400፣ ቡሹ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ፣ ዙሪያውን እኩል። በደንብ ያሳምራል፣ አዲስ ያስመስለዋል፣ ለዚህ ነው የሚያጓጓው። ነገር ግን እጀታውን ያቀጥነዋል፤ የተወሰደው ተመልሶ አይመጣም፤ በዚያ ላይ ድፍኑን ሊያረግፍ ይችላል። ከዱቄቱ ጥቂት አስቀሩ፤ ከእንጨት ኮላ ጋር ተለውሶ ለተከፈተው ቀዳዳ መድፈኛ ይሆናል። በመጨረሻ የቡሽ መቀቢያ የሚባለውን ስስ ፈሳሽ መቀባት ይቻላል፤ እድፍ ቶሎ እንዳይገባ ያደርጋል። አንዳንድ አጥማጆች ግን እጅ ላይ ያዳልጣል ብለው አይወዱትም። እኔ ሁለቱን ቀባሁ፣ አራቱን ተውኩ፣ ለገዢው ነገርኩ። የቤት ዕቃ ማወልወያ ሰም ግን አይሆንም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ስድስቱ ሲደረደሩ ማየት ደስ ይል ነበር። አራቱ በ25፣ 25 ዶላር፣ ሁለቱ የዝንብ ዘንጎች በ45፣ 45 ሄዱ። ሰባተኛውን፣ የተበላሸውን፣ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ የመጣልም የመሸጥም ልብ አጥቼ።

እኩለ ቀን ገደማ እኒያ እናት መጡ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ፤ ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ። ጠረጴዛውን ዞረው ዞረው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «አንዷን መልሼ መግዛት ፈልጌ ነበር፤ ይህ ልጅ የአያቴን እፈልጋለሁ አለ፤ ያኔ ስሰጥ አላሰብኩበትም» አሉኝ። የትኛዋን ስል፣ «አውራ ጣቱ ያረፈባት ቦታ ላይ ጠቁራለች፣ ታውቂያታለሽ» አሉ።

አውቃታለሁ እንጂ። ተሸጠች ልል እችል ነበር። ሐሰቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸውና ያደረግሁትን ነገርኳቸው።

ዘንጓን ተቀብለው እጀታውን ጨበጡት። አውራ ጣታቸውን ጉድጓዱ በነበረበት ላይ አድርገው ወዲያ ወዲህ አሉት፤ የሚፈልጉትን አላገኙም። አልተቆጡም። «እሱ እንዲህ ነጭ ሆና አይቷት አያውቅም» አሉ። ከዚያ ለልጁ ሰጡት። ልጁ ጨብጦ ወዘወዘና «ትሠራለች» አለ። ስንት ነው ሲሉኝ ምንም አልኩ። አይሆንም አሉ። እንግዲህ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የማኅበርን ንብረት ያለ ኮሚቴ ውሳኔ በነፃ መስጠት እንደማልችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ 10 ዶላር ከቦርሳዬ አውጥቼ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ፤ እሳቸው እያዩኝ። መስመሯ ከዚያ መጣች።

የልቀቱን ቀለበቶች ጋሼ በኋላ በኮላ አያይዘውላቸዋል። ጥቁረቱን ግን ማንም አይመልሰውም።

ለሒሳቡ ያህል፣ ከዘንጎቹ በጠቅላላው 260 ዶላር ገባ። ለስፖንጅ፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለቡሽ መቀቢያው 21 ዶላር ወጣ፤ 239 ዶላር ለድንገተኛ ችግር መረዳጃው ተላለፈ። ከሣጥኖቹ የወጣውን የእርሳስ ክብደት አልሸጥነውም። እርሳስ መርዝ ነው፤ ሉን የምትባለው የሚኒሶታ ወፍ ከሐይቅ ሥር ስትውጠው ትሞታለች፤ ለአደገኛ ቆሻሻ ማስረከቢያው ሰጠነው።

ለጋሾቻችን ከዚህ አንድ ነገር እንድታውቁ እፈልጋለሁ። በደረሰኛችን ላይ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት እንጽፋለን እንጂ ዋጋውን አንጽፍም፤ ለግብር የሚሆነውን ግምት የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «ይህን ያህል ነው ብለሽ ጻፊልኝ» የምትሉኝ ወዳጆች አትቀየሙኝ። ከዘንድሮ ጀምሮ ግን ኮሚቴው ተስማምቶበት በመረከቢያ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምረናል፤ «ሳይጸዳ ወይም ሳይነካ እንዲቆይ የሚፈልጉት ነገር አለ?» የሚል። ከሥሩም ዕቃው ከመሸጡ በፊት ለ30 ቀን እንደሚቆይና ሐሳባችሁን ብትለውጡ ያለ ክፍያ እንደምንመልስ ተጽፏል። ሰላሳው ቀን መጋዘን ያጣብባል ያላችሁ አባላት አላችሁ፤ እውነት ነው ያጣብባል። የእኔ ጋራዥ ነው የሚጣበበው።

ጥያቄውን ደግሞ እዝን ላይ ያለ ሰው ቅጽ ሲሞላ በደንብ አያነበውም። ስለዚህ የምትረከቡ እህቶች፣ ወረቀቱን ሰጥታችሁ ዝም አትበሉ፤ በአፋችሁ ጠይቁ፤ ፊታቸውን ካዞሩ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ደውሉ።

ዘንድሮ እስካሁን 6 ዘንግ መጥቷል፤ አራቱ ቡሽ ናቸው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጋራዤ ክፍት ነው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና አሮጌ ካናቴራ ይዛችሁ ኑ፤ ጓንቱን ገዝቻለሁ፣ ደረሰኙም ፋይሉ ውስጥ አለ። ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል፤ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ ስለሚመጡ ቡናው ቀደም ብሎ ይፈላ።